የባሕር ውሃ በመስተዋት ገንዳ፦ የፒኤች ምርመራና የቁጥሩ ትርጉም

በተቋማችን የሥነ ሕይወት ቤተ ሙከራ ጥግ 200 ሊትር የሚይዝ የመስተዋት ገንዳ ቆሟል። በውስጡ ያለው የወንዝ ወይም የሐይቅ ውሃ ሳይሆን የባሕር ውሃ ነው። እኛ ከምንኖርበት ደጋ ባሕሩ ሩቅ ስለሆነ፣ ውሃውን ያዘጋጀነው ለዚሁ ተብሎ የተቀመመ ጨው በተጣራ ውሃ አሟሙተን ነው፤ በአንድ ሊትር 35 ግራም ያህል ማለት ነው። ዓላማችን ሠልጣኞቻችን ስለ ቀይ ባሕር ኮራሎች ከመጽሐፍ ሥዕል ብቻ ሳይሆን በዓይናቸው አይተው እንዲያስተምሩ ነበር። ኮራል ሲባል ለብዙዎቻችን ትዝ የሚለን በአንገት የሚታሰረው መርጃን ነው። ድንጋይ መስሎ የሚታየው የኮራል አካል ግን ጥቃቅን እንስሳት ከውሃው ካልሲየምና ካርቦኔት እየወሰዱ የሚሠሩት ቤት ነው። የውሃው ጠባይ ሲለወጥ ቤት ሠሪዎቹም ሥራቸው ይከብዳቸዋል።

ገንዳውን ባቋቋምን በሦስተኛው ሳምንት የነበሩን ሁለት ዓሦች በአንድ ሌሊት ሞቱ። የሞቱት ውሃውን ሳንመረምር ቀርተን አይደለም። በየቀኑ መርምረናል፤ ያገኘነውን ቁጥር ግን በተሳሳተ መንገድ ተረጎምነው። ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት የተነሣነውም በዚሁ ምክንያት ነው።

በቅድሚያ ስለ መለኪያው ራሱ ጥቂት እንበል። ፒኤች የተባለውን መለኪያ ያወጣው በኮፐንሃገን በካርልስበርግ ቤተ ሙከራ ይሠራ የነበረው ዴንማርካዊው ኬሚስት ሶረንሰን ሲሆን፣ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1909 ነበር። መለኪያው በውሃ ውስጥ ያለውን የሃይድሮጅን አዮን ብዛት የሚገልጽ ነው። ተማሪዎች ዘወትር የሚሳሳቱበት አንድ ነጥብ አለ፤ ቁጥሮቹ እንደ ሜትር ወይም እንደ ኪሎ እኩል እየተደመሩ የሚሄዱ አይደሉም። ፒኤች በአንድ ሲቀንስ የሃይድሮጅን አዮኑ አሥር እጥፍ ይሆናል። ስለሆነም በ8.4 እና በ7.8 መካከል ያለው ልዩነት 0.6 ብቻ ቢሆንም፣ በአዮኖቹ ብዛት ሲታይ አራት እጥፍ ያህል ነው። የውቅያኖስ የላይኛው ውሃ በአማካይ 8.1 ገደማ ነው። ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት 8.2 ገደማ ነበር፤ የሰው ልጅ ከሰልና ነዳጅ እያቃጠለ ወደ አየር ከሚለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከፊሉን ባሕሩ ስለሚውጠው ዝቅ ብሏል። 0.1 ትንሽ ትመስላለች፤ የሃይድሮጅን አዮኑ ግን በሩብ ያህል ጨምሯል ማለት ነው። ለኮራል ገንዳ ከ7.8 እስከ 8.5 ያለው ተስማሚ ነው።

አሁን ወደ አመራመሩ እንለፍ። የሊትመስ ወረቀት ለዚህ ሥራ አይረባም። አሲድ ነው ወይስ ቤዝ ነው ብሎ ከመናገር አልፎ በ7.8 እና በ8.4 መካከል ያለውን ልዩነት አያሳይም። ጠብታ እየተጨመረበት ቀለሙ ከሠንጠረዥ ጋር የሚነጻጸረው ፈሳሽ የተሻለ ነው። ሆኖም ለጨዋማ ውሃ የተዘጋጀው መሆኑን ማረጋገጥ ያሻል፤ ለወንዝ ውሃ ዓሣ ከሚሸጡት አንዳንዶቹ 7.6 ላይ ያበቃሉ። ቀለሙን በነጭ ወረቀት ፊት፣ በቀን ብርሃን ማየት ይገባል። በኤሌክትሪክ አምፑል ሥር ሦስት ሠልጣኞች ሦስት የተለያየ ቁጥር ሲነግሩን አይተናል። የኤሌክትሮኒክ መለኪያው ከሁሉም ይበልጥ ትክክለኛ ነው፤ ይሁንና ፒኤቻቸው 7 እና 10 በሆኑ የታወቁ ፈሳሾች በየጊዜው ካልተስተካከለ በልበ ሙሉነት ይዋሻል። ጫፉ በንጹሕ ውሃ ይታጠባል እንጂ በጨርቅ አይፈተግም፤ ሲቀመጥም በደረቁ ሳይሆን ለማቆያው በተዘጋጀው ፈሳሽ ነው።

እኛ ይህን ሁሉ በደንብ ፈጽመናል። ያጠፋነው ሌላ ነው። ዘወትር የምንለካው ከጧቱ 1 ሰዓት፣ ቤተ ሙከራው እንደተከፈተ ነበር። ንባቡም በየቀኑ 7.8 ነበር። በያዝነው መጽሐፍ ላይ 8.2 ስለሚል ውሃው ታመመ አልንና ከዕቃ ክፍል ሶዲየም ካርቦኔት አስመጥተን ጨመርን። በማግስቱም ጨመርን። መለኪያው 8.4 ሲያሳይ ደስታችን ወሰን አልነበረውም። ዓሦቹ የሞቱት በዚያው ሌሊት ነው።

ምን ሆነ? አዲስ ገንዳ ገና አልበሰለም። ከዓሦቹ እዳሪና ከምግብ ትርፍ አሞኒያ ይወጣል። ይህን ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ወደ ናይትሬት የሚለውጡት ባክቴሪያዎች በአሸዋውና በድንጋዩ ላይ ተራብተው ሥራቸውን እስኪይዙ ድረስ ብዙውን ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። አሞኒያ ደግሞ በውሃ ውስጥ ሁለት መልክ አለው፤ አንዱ ብዙም የማይጎዳው አሞኒየም ሲሆን ሁለተኛው ዓሣን የሚገድለው ነጻ አሞኒያ ነው። ፒኤች ከፍ ባለ ቁጥር አሞኒየሙ ወደ ነጻ አሞኒያ ይለወጣል። ከ7.8 ወደ 8.4 ስንወስደው መርዛማው ድርሻ ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል። በሌላ አነጋገር፣ አዲስ መርዝ ሳንጨምር የነበረውን መርዝ አነቃነው። ከሞቱ በኋላ አሞኒያውን ብንለካ የፈተና ቱቦው ወደ ጥቁር አረንጓዴ ተለወጠ። የውሃው ድንገተኛ መለዋወጥም የራሱ ድርሻ ይኖረው ይሆናል። ከሁሉ በፊት ግን በሦስተኛው ሳምንት ዓሣ ማስገባታችን ራሱ ችኮላ ነበር።

የ7.8ን ምክንያት ያገኘነው በኋላ፣ እጅግ ቀላል በሆነ ሙከራ ነው። ከገንዳው በሁለት ብርጭቆ ውሃ ቀዳን። አንዱን በክፍሉ ውስጥ፣ ሁለተኛውን በውጭ በረንዳ ላይ አድርገን በአየር ፓምፕ ለአንድ ሰዓት አረፋ ነፋንባቸው። የውስጡ እዚያው 7.8 ላይ ቀረ፤ የውጪው 8.1 ደረሰ። ስለዚህ በሽተኛው ውሃው ሳይሆን የክፍሉ አየር ነበር። እስከ ማታ 40 ሠልጣኞች የተነፈሱበት ክፍል መስኮቱ ተዘግቶ ያድራል፤ በውሃው ውስጥ ያሉት አልጌዎችም በጨለማ ምግብ መሥራታቸውን አቁመው እንደ ዓሦቹ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣሉ። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከውሃ ጋር ሲዋሐድ ካርቦኒክ አሲድ ይሆናልና ፒኤች ይወርዳል። ብርሃኑ ሲበራ አልጌዎቹ ጋዙን መልሰው ስለሚወስዱት ከፍ ይላል። በመሆኑም ከጧቱ 1 ሰዓት የተለካ ቁጥርና ከቀኑ 10 ሰዓት የተለካ ቁጥር፣ ሰዓታቸው ካልተጻፈ በቀር ማነጻጸር ዋጋ የለውም።

ከውጭ የተነፋው ብርጭቆም ካልጨመረ ግን ጥርጣሬው ወደ አልካሊኒቲ ይዞራል፤ ይኸውም ውሃው አሲድን የመቋቋም ኃይል ነው። እሱን ባክቴሪያዎቹም አሞኒያን ሲለውጡ፣ ኮራሎቹም ቤታቸውን ሲሠሩ ይቀንሱታል። የእኛ ገንዳ አልካሊኒቲ ደህና ነበር፤ የሶዲየም ካርቦኔቱ ጥቅም ምንም አልነበረም። የአየር ፓምፑን መምጠጫ ቱቦ በመስኮቱ ቀዳዳ ወደ ውጭ ስናወጣው የጧቱ ንባብ በአንድ ሳምንት ውስጥ 8.0 ሆነ። ዓሣ መልሰን ያስገባነው አሞኒያውና ናይትራይቱ ለተከታታይ ቀናት ዜሮ ከሆኑ በኋላ ነው።

ገንዳ የሌላቸው ትምህርት ቤቶችም ፍሬ ነገሩን በክፍል ውስጥ ማሳየት ይችላሉ። የደረቀ ከርከዴ ቀቅሎ ማቀዝቀዝና በሦስት ብርጭቆ ማካፈል ነው። ሎሚ የተጨመቀበት ደማቅ ቀይ ይሆናል፤ ቤኪንግ ሶዳ የተጨመረበት ወደ ሰማያዊና አረንጓዴ ይለወጣል፤ ሦስተኛው ለማነጻጸሪያ ይቀመጣል። የትንፋሽን ውጤት ለማየት ግን ከርከዴ አይበቃም፤ ብሮሞታይሞል ብሉ የተባለው ጠቋሚ ያስፈልጋል። ሁለት ብርጭቆ ውሃ ወስዶ በአንዱ አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ማሟሟት፣ በሁለቱም ጠቋሚውን ጠብ ማድረግ፣ ከዚያም ተማሪዎች በቀጭን ቱቦ እንዲተነፍሱባቸው ማድረግ ነው። ባዶው ውሃ ወዲያው ወደ ቢጫ ይለወጣል፤ ሶዳ ያለበት ግን ለረጅም ጊዜ ሰማያዊ ሆኖ ይቆያል። አልካሊኒቲ የሚሉት ይኸው ነው። ተማሪው በቱቦው እንዲነፋ እንጂ እንዳይመጥ አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል፤ ከኋላ ወንበር የሚመጥ አይጠፋምና።