የእሑድ አደን ክልከላ በፔንሲልቫኒያ ለምን ተነሣ?

በአገራችን በብዙ የደጋና የወይና ደጋ ቀበሌዎች እሑድ በሬ አይጠመድም። ሞፈርና ቀንበሩ ከግድግዳ ጥግ ይደገፋል፤ አርሶ አደሩ ቤተ ክርስቲያን ስሞ፣ ዕድርና ማኅበር ደርሶ ይውላል። ጥበቃው ግን ሰንበት የለውም። በቆሎው እሸት ሲይዝ ዝንጀሮና ጦጣ ቀን፣ ከርከሮና ጃርት ሌሊት ስለሚመጡ ከቤተሰቡ አንዱ ወንጭፉን ይዞ ማማ ላይ መውጣቱ አይቀርም።

በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ በምትገኘው የፔንሲልቫኒያ ግዛትም ሰንበትና የአዝመራ ጥበቃ ለረጅም ዘመን ሲጋጩ ኖረዋል። በዚያ የአርሶ አደሩ ራስ ምታት አጋዘን ነው፤ የአጋዘኑ ቁጥር የሚመጠነውም በዋናነት በፈቃድ በሚካሄድ አደን ነው። እሑድ አጋዘን ማደን ግን እ.አ.አ ከ1873 ጀምሮ በሕግ ተከልክሎ ቆይቷል። የክልከላው ሕግ የተሻረው በሐምሌ 2025 የግዛቲቱ አገረ ገዥ ጆሽ ሻፒሮ አዲሱን ሕግ ሲፈርሙ ነው (ከዚህ በታች የተጠቀሱት የአሜሪካ ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በመካከሉ የተካሄደው ክርክር የቀን ጉዳይ ይምሰል እንጂ፣ ሥሩ ሲታይ የማሳው ባለቤት በገዛ መሬቱ ላይ ማን ይግባ፣ ማን አይግባ ብሎ የመወሰን ሥልጣኑ ጉዳይ ነበር።

አጋዘን ሲባል በእኛ አገር በቅድሚያ በዓይነ ሕሊና የሚመጣው ቀንዱ የተጠማዘዘው የባሌና የአርሲ ተራሮች የደጋ አጋዘን ነው። ነጭ ጅራት የሚባለው የአሜሪካው አጋዘን ግን የሌላ ወገን እንስሳ ነው። ቀንዱ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የሚከፋፈል ሲሆን በየዓመቱ ረግፎ እንደገና ይበቅላል፤ እንስቷ አብዛኛውን ጊዜ ቀንድ የላትም። ለአርሶ አደሩ ዋናው ነገር ግን ሆዱ ነው። የአኩሪ አተር ቡቃያ ገና ከመሬት ብቅ ሲል ይግጠዋል፤ በቆሎውን እሸት ሲይዝ ይነጨዋል፤ የፖም ችግኝ ጫፉን እየቀጠፈ እንዳያድግ ያደርገዋል። ሁለት ሜትር የሚደርስ አጥር ዘልሎ ስለሚገባም በተራ አጥር አይመለስም።

ይህ እንስሳ ግን በአንድ ወቅት ከፔንሲልቫኒያ ሊጠፋ ተቃርቦ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ደኑ ተመነጠረ፤ ሥጋና ቆዳ ለገበያ የሚያቀርቡ አዳኞችም ያለ ገደብ ገደሉት። ግዛቲቱ በ1895 የዱር እንስሳት ኮሚሽን አቋቋመች፤ ከ1906 ጀምሮ ከሌሎች ግዛቶች አጋዘን እያስመጣች ለቀቀች፤ በ1907 ደግሞ ቀንድ ያለው ወንድ ብቻ እንዲታደን ደነገገች። እርምጃው ከታሰበው በላይ ሠራ። ሃያ ዓመት እንኳ ሳይሞላ የአጋዘኑ ብዛት አርሶ አደሩን ስላማረረ በ1923 እንስቶችንም ማደን ተፈቀደ። ከዚያ ወዲህ የኮሚሽኑ ሥራ ሁለት ተቃራኒ ነገሮችን አብሮ መያዝ ሆኗል፤ አጋዘኑ እንዳይጠፋ መጠበቅ፣ ማሳውንም እንዳያጠፋ ማስቀነስ።

የ1873ቱ ክልከላ የዚያ ዘመን የሰንበት ሕጎች አካል ነው። በጊዜው እሑድ መነገድም፣ መጫወትም፣ ቲያትር ማሳየትም የተከለከሉ ነበሩ። ከሌሎቹ አብዛኞቹ በ20ኛው ክፍለ ዘመን አንድ በአንድ ሲላሉ የአደኑ ክልከላ ግን ጸንቶ ቆየ። እሱም ቢሆን ሙሉ አልነበረም፤ ቀበሮ፣ ኮዮቴ የሚባለው የተኩላ ዘመድና ቁራ እሑድም መገደል ይችሉ ነበር። ቀበሮ ላይ መተኮስ ተፈቅዶ አጋዘን ላይ መተኮስ መከልከሉ፣ ክልከላውን ያቆየው ሃይማኖት ብቻ እንዳልነበረ ያመለክታል።

ክልከላውን አጥብቀው ከያዙት መካከል አርሶ አደሮቹ ራሳቸው ነበሩ። ይህ መጀመሪያ ሲሰሙት እንግዳ ይመስላል፤ አዝመራው የሚበላበት ሰው አዳኝ እንዲበዛለት ይመኛል ተብሎ ይታሰባልና። የፔንሲልቫኒያ መሬት ግን በአብዛኛው የግል ነው። በአደን ወቅት የማያውቁት ሰው ጠመንጃ ይዞ በማሳ ዳር ሲያልፍ ማየት፣ የከብት አጥር ተከፍቶ ማግኘት፣ ከቤት ቅርብ ተኩስ መስማት የተለመደ ቅሬታ ነው። እሑድ ቤተሰቡ ያለ ስጋት በመሬቱ ላይ የሚዘዋወርበት አንድ ቀን ነበር። ፋርም ቢሮ በሚል ስም የሚታወቀው የግዛቲቱ የአርሶ አደሮች ማኅበርም ይህንኑ ይዞ ለረጅም ዓመታት የእሑድ አደንን ሲቃወም ኖሯል። ፈረስ ጋላቢዎችና በእግር ጫካ የሚጎበኙ ሰዎችም ከጎኑ ነበሩ።

ሚዛኑን የለወጠው የአዳኙ ቁጥር ማነስ ነው። በ1982 ገደማ በፔንሲልቫኒያ 1.3 ሚሊዮን የሚጠጋ የአደን ፈቃድ ይሸጥ ነበር፤ ዛሬ ከ900 ሺህ በታች ወርዷል። ሽማግሌው አዳኝ ሲያርፍ ልጁ ከተማ ገብቶ የቢሮ ወይም የፋብሪካ ሠራተኛ ሆኗል። ከሰኞ እስከ ዓርብ የሚሠራ ሰው፣ እንዲሁም ተማሪ፣ እሑድ ከተከለከለ የሚቀረው ቅዳሜ ብቻ ነው። ቅዳሜ ከዘነበ ሳምንቱ አለፈ ማለት ነው። የኮሚሽኑ በጀት ደግሞ ከአጠቃላይ ግብር የሚመደብ አይደለም፤ አንዱ ትልቅ ምንጩ የፈቃድ ሽያጭ ነው። አዳኝ ሲቀንስ ገንዘቡም፣ አጋዘን የሚቀንሰው እጅም አብሮ ይቀንሳል። በ2023/24 የአደን ወቅት ብቻ 430 ሺህ ገደማ አጋዘን መታደኑ ሲታሰብ ይህ እጅ ቢታጠፍ ማሳው ላይ ምን እንደሚደርስ መገመት አያዳግትም።

የሰኞ ልማድ

እሑድ ከመፈቀዱ በፊት ሌላ ልማድ ተነካ። ከ1963 ጀምሮ የጠመንጃ አደን ወቅት የሚከፈተው በኅዳር መጨረሻ ከሚውለው የምስጋና በዓል ቀጥሎ ባለው ሰኞ ነበር። ሰኞው በሕግ የታወጀ በዓል ባይሆንም በብዙ ወረዳዎች ትምህርት ቤት ይዘጋ ነበር። በዓሉ ሐሙስ ከቤተሰብ ጋር ይከበራል፤ ዓርብና ቅዳሜ አባትና ልጅ፣ አጎትና ወንድም ስንቃቸውን ጭነው ወደ ሰሜኑ ተራሮች የአደን ጎጆ ይጓዛሉ። እሑድ አይታደንም። ጠመንጃ ይወለወላል፣ ይበላል፣ ያለፈው ዓመት ወሬ ይወራል። ሰኞ ገና ሳይነጋ ይወጣል።

ኮሚሽኑ በ2019 መክፈቻውን ወደ ቅዳሜ ሲያዞረው ምክንያቱ ግልጽ ነበር፤ ሠራተኛው ፈቃድ ሳይጠይቅ፣ ተማሪው ሳይቀር የመጀመሪያውን ቀን እንዲያገኝ ነው። ተቃውሞውም ወዲያው መጣ። ቅዳሜ ለማደን ዓርብ መድረስ ይገባል፤ ይህ ከበዓሉ ማግስት ቤተሰብን ጥሎ መሄድ ነው። በትንንሽ የተራራ ከተሞች ያሉ ባለ ሱቆችና ምግብ ቤቶችም አዳኙ ተዝናንቶ ገንዘብ የሚያወጣበት የቅዳሜና እሑድ ገበያ ጠፋብን አሉ። የሁለቱም ወገን አቤቱታ ውኃ የሚያነሣ ነው። ለወጣቱ የተመቸው ቀን ልማዱን በትውልድ ሲያቆይ የኖረውን ጎጆ ባዶ አድርጎታል። ሰኞ ይመለስ የሚለው ጥያቄ ከዚያ በኋላም አልበረደም።

በዚያው ዓመት ኅዳር መጨረሻ የወቅቱ አገረ ገዥ ቶም ዎልፍ በዓመት ሦስት እሑዶችን ለአደን የሚከፍት ሕግ ፈረሙ። ከቀኖቹ ይልቅ ለአርሶ አደሩ የሚያስፈልገው ግን በሕጉ ውስጥ የገቡት ሌሎች ሁለት ነገሮች ናቸው።

አንደኛው የጽሑፍ ፈቃድ ነው። እሑድ በግል መሬት ላይ የሚያድን ሰው የባለ መሬቱን ፈቃድ በጽሑፍ መያዝ አለበት። በሌሎቹ ቀናት በልማድና በቃል ሲሠራበት የኖረው ነገር እሑድ ወረቀት ሆነ። ሁለተኛው የቅጣቱ ጉዳይ ነው። ከዚያ በፊት የዱር እንስሳት ጥበቃ ሠራተኛው ያለ ፈቃድ የሰው መሬት የገባን አዳኝ ሌላ የአደን ሕግ ካልጣሰ በቀር በዚያ ብቻ ሊከሰው አይችልም ነበር። አዲሱ ሕግ መግባቱን ራሱን የቻለ ጥፋት አደረገው። አርሶ አደሩ ስልክ ደውሎ ሰው መሬቴ ውስጥ አለ ሲል መጥቶ የሚቀጣ አካል ተገኘ።

ፋርም ቢሮ የኋላ ኋላ ወደ ደጋፊነት የተሻገረው በዚህ መንገድ ነው። በ2025ቱ ሕግ ክርክር ወቅት ማኅበሩ የአጋዘን ጉዳት ለአባላቱ ከባድ ኪሣራ መሆኑን አንሥቶ ክልከላው እንዲነሣ ድጋፉን ሰጥቷል። ሕጉ እሑድን ሁሉ በአንድ ጊዜ አልከፈተም፤ የትኛው እሑድ ለአደን ይዋል የሚለውን ለኮሚሽኑ ተወለት። ኮሚሽኑም በመጀመሪያው ዓመት ከመስከረም 14 እስከ ታኅሣሥ 7 ቀን ያሉትን 13 እሑዶች ፈቀደ። የጽሑፍ ፈቃዱ ግዴታ እንዳለ ቀጠለ።

ሁሉም ግዛት ግን ይህን መንገድ አልተከተለም። ፔንሲልቫኒያ ሕጓን በለወጠችበት ወቅት የእሑድ አደንን ሙሉ በሙሉ የሚከለክሉ ግዛቶች ሜይንና ማሳቹሴትስ ነበሩ። በሜይን ሕዝቡ በ2021 በሕገ መንግሥቱ ውስጥ ምግብ የማግኘት መብትን አስገብቷል። ይህን መብት በመጥቀስ ቤተሰባችንን በአደን እንመግባለን ያሉ ባልና ሚስት የእሑዱ ክልከላ እንዲሻር ከሰው ነበር፤ የግዛቲቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ግን በ2024 ክልከላውን አጽንቷል። በሜይን ደኑ በአብዛኛው የግል ሆኖ ሳለ ባለቤቶቹ በልማድ ለሕዝብ ክፍት አድርገውታል። እሑድ ከተፈቀደ መሬታችንን እንዘጋለን የሚሉ ባለ መሬቶች በመኖራቸው አንድ ቀን ለመጨመር ሲሉ ስድስቱን ማጣት የሚያሰጋቸው አዳኞችም አሉ።

የማሳ ጉዳትና የአደን ፈቃድ

ፔንሲልቫኒያ አዝመራው ለተበላበት አርሶ አደር ከወቅቱ ውጭ ያዘጋጀችው መንገድም አለ። ጉዳት የደረሰበት አርሶ አደር ለኮሚሽኑ አመልክቶ ፈቃድ ሲያገኝ፣ በመደበኛው የአደን ጊዜ ባይሆንም በማሳው ላይ አጋዘን የሚቀንሱለት አዳኞችን ማስገባት ይችላል። ሥጋውም አይጣልም። ከ1991 ጀምሮ በሚሠራ የበጎ አድራጎት መርሐ ግብር አዳኞች የተረፋቸውን ሥጋ ለዚሁ ለተመዘገቡ አራጆች ሰጥተው ለችግረኞች እንዲከፋፈል ያደርጋሉ።

በኢትዮጵያ ሁኔታው የተለየ ነው። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 ያለ ፈቃድ ማደንን ይከለክላል። ሕጋዊው የስፖርት አደን የሚካሄደው በተከለሉ ቀጠናዎች ሲሆን አዳኞቹም በአብዛኛው ከውጭ የሚመጡ ናቸው። በቀደመው ዘመን ዝሆን፣ አንበሳ ወይም ጎሽ ገድሎ መፎከርና መሸለም ክብር ነበር፤ ዛሬ ያስቀጣል። ይህም ተገቢ ነው፤ የሚታደን ብዙ አልቀረምና። በዚህ ምክንያት የአሜሪካኖቹን አደን እንዳለ ወደዚህ ማምጣት አይታሰብም። ለወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች ሊጠቅም የሚችለው የአሠራሩ ቅደም ተከተል ነው፤ ጉዳቱ ይመዘገባል፣ አመልካቹ አርሶ አደር ይታወቃል፣ ፈቃዱ በወረቀት ይሰጣል፣ የገባው ሰው ይጠየቃል።

ዝንጀሮ ሲጠብቅ ያደገ አርሶ አደር ደግሞ በፔንሲልቫኒያ አሁን የቀረውን ችግር ያለ ብዙ ማብራሪያ ይረዳዋል። በተራ በሚጠበቅ እርሻ አንዱ ጠባቂ ከቀረ መንጋው የሚወርደው በዚያ በኩል ነው። የጽሑፍ ፈቃዱ ለባለ መሬቱ የመፍቀድ ብቻ ሳይሆን የመከልከል መብትም ሰጥቷል። በግዛቲቱ በብዛት የሚኖሩት አሚሽ የተባሉ ክርስቲያን አርሶ አደሮች ሰንበትን አጥብቀው ያከብራሉ፤ ከእነሱ ውጭም እሑድ ተኩስ መስማት የማይፈልግ ብዙ አለ። እነዚህ መሬታቸውን ቢዘጉ ሕጉ ከእነሱ ጋር ነው። አጋዘን ግን ተኩስ የበዛበትን ጫካ ትቶ ጸጥ ወዳለው መጠጋትን ቶሎ ይለምዳል። ቀን በማይታደንበት መሬት ተኝቶ ይውልና ሲመሽ አጥር ተሻግሮ የጎረቤትን አኩሪ አተር ይግጣል። ባለ አኩሪ አተሩ የፈለገውን ያህል አዳኝ ቢፈቅድ፣ በሕጋዊው የአደን ሰዓት አጋዘኖቹ ማሳው ላይ የሉም።