ስሙ የማን ነው? ኮድ ሳይጽፉ ድረ ገጽ ማቆም በወለጋ ከተሞች

በዓለም የቡና ገበያ የወለጋ ቡና «ለቀምቲ» በሚል ስም ይታወቃል። ይህን ስም በጎግል የሚፈልግ የውጭ ገዢ የሚያገኘው ግን በአመዛኙ ባሕር ማዶ ያሉ አስመጪዎችና ቡና የሚቆሉ ኩባንያዎች ያወጡትን ገጽ ነው፤ የጊምቢው፣ የነጆው ወይም የደምቢ ዶሎው አምራች ስለ ገዛ ቡናው ሲናገር እምብዛም አይሰማም። መንግሥት በ1997 ዓ.ም. አሜሪካ ውስጥ በንግድ ምልክትነት እንዲመዘገቡለት ያመለከተባቸው ስሞች ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋጨፌ ነበሩ፤ ለቀምቲ ከእነርሱ መካከል አልነበረም። የንግድ ምልክት ማስከበር የመንግሥት አቅምና የዓመታት ክርክር ይጠይቃል። የድረ ገጽን ስም፣ ማለትም ዶሜይንን፣ ግን አንድ የገበሬዎች ማኅበር ወይም አንድ ነጋዴ ራሱ ሊያስመዘግበው ይችላል። ስለዚህ ለነቀምቴ ሰው ዋናው ጥያቄ «ኮድ የሚጽፍልኝ ማን ነው?» መሆኑ ቀርቷል ብዬ አምናለሁ። የሚያሳስበው ስሙ በማን እጅ እንዳለ ነው።

ኮዱ እንዴት ከመንገድ ላይ እንደተነሣ ላስረዳ። ማንኛውም ድረ ገጽ ስም አለው፤ ጽሑፍና ፎቶ አለው፤ እነዚህን ሌት ተቀን ለጠያቂ የሚያቀርብ ሰርቨር የሚባል ኮምፒውተርም አለው። ከዚህ ሰርቨር ላይ ቦታ መከራየት ሆስቲንግ ይባላል። ሰርቨሩ ነቀምቴ መቀመጥ የለበትም፤ በመሆኑም በከተማው መብራት ሲጠፋ ገጹ አብሮ አይጠፋም። ቀድሞ ጽሑፉን በኮድ ማሰናዳት የባለሙያ ሥራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው ዎርድፕረስ የተባለ ፕሮግራም ይህን ሸክም አቀለለው። ዛሬ ከዓለም ድረ ገጾች ከ40 በመቶ በላይ የሚሠሩት በእርሱ ነው፤ ፕሮግራሙ ራሱ በነጻ ይገኛል። ፌስቡክ ላይ ጽሑፍና ፎቶ መለጠፍ የቻለ ሰው የገጽ ንድፍ መርጦ፣ ስልክ ቁጥሩንና የዕቃዎቹን ፎቶ ማስገባት አያቅተውም። የሚቸግረው ሌላ ነው፤ በስልክ የተነሣን ፎቶ ሳያሳንሱ መጫን ገጹን ያከብደዋል፣ በሞባይል ዳታ የሚከፍተው ደንበኛም ሳያይ ይተወዋል።

«ደንበኞቻችን ያሉት ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ ነው፤ ድረ ገጽ ለምን?» የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ። ግማሹ እውነት ነው፤ ማንም ቴሌግራሙን ዝጋ አይባልም። ነገር ግን በየካቲት 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ በመላ አገሪቱ ተዘግተው አምስት ወር ያህል ቆይተዋል። ቪፒኤን የተባለውን የእገዳ ማለፊያ የማያውቅ ደንበኛ የሚወደውን ሱቅ የሚያገኝበት ሌላ አድራሻ አልነበረውም፤ ተራ ድረ ገጾች ግን ክፍት ነበሩ። መንግሥት ባይዘጋውም ባለቤቱ ኩባንያ ሊዘጋው ይችላል። ያሁ ጂኦሲቲስ የተባለውን ነጻ የድረ ገጽ መንደር እ.ኤ.አ. በ2009 ሲያፈርስ ሰዎች ለዓመታት የሠሯቸው ገጾች አብረው ከሰሙ። ጎግልም ለትንንሽ ንግዶች በነጻ ይሰጥ የነበረውን ድረ ገጽ እ.ኤ.አ. በ2024 አቋርጧል። ሰው ቤት የተከራየ ሱቅ ማስታወቂያውን በራሱ ስም ካላሠራ፣ ሲለቅ ደንበኛው ወዴት እንደሄደ አያውቅም። ዶሜይኑ የራሱ የሆነ ድርጅት ግን ዛሬ የተከራየው ሰርቨር ባይስማማው ገጹን ወደ ሌላ ሲያዛውር አድራሻው ያው ነው። መሣሪያ ሲመረጥም ይህን ማሰብ ይገባል። ዊክስ የተባለው የድረ ገጽ መሥሪያ ለጀማሪ በጣም ይቀላል፤ በእርሱ የተሠራ ገጽ ግን እንዳለ ተነሥቶ ሌላ ሰርቨር ላይ አይቆምም። ዎርድፕረስ ትንሽ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ መሄድ ላሰበ ግን ጓዙን ያስይዘዋል።

ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ ኢንተርኔቱ ራሱ ሲጠፋ ምን ይሆናል የሚለው ነው። ይህ ለወለጋ ሰው የሩቅ ወሬ አይደለም። ከታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ እስከ መጋቢት 22 ቀን በምዕራብ ወለጋ፣ በቄለም ወለጋና በሆሮ ጉዱሩ ወለጋ ስልክም ኢንተርኔትም ተቋርጦ ነበር፤ በምሥራቅ ወለጋም ኢንተርኔት አልነበረም። በዚያው ዓመት ከሰኔ 23 ጀምሮ ደግሞ አገሩ በሙሉ ለሳምንታት ያለ ኢንተርኔት ቆየ። እንዲህ ባለ ጊዜ ድረ ገጽ ነቀምቴ ላለው ባለቤቱ አይጠቅመውም፤ ይህን መካድ አይቻልም። ሆኖም ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት የነበረው መቋረጥ የአንድ አካባቢ ነበር። ሰርቨሩ አዲስ አበባ ወይም ውጭ አገር ያለ ገጽ በዚያ ሁሉ ወር ለአዲስ አበባው ገዢና ለውጭው አስመጪ ይከፈታል፤ ማኅበሩ ማን እንደሆነ፣ ምን እንደሚያመርት፣ አዲስ አበባ ያለው ወኪሉ በየትኛው ስልክ እንደሚገኝ ይነግርለታል። ሰዎቹ ድምፃቸው በተዘጋበት ሰዓት ስለ እነርሱ የሚናገር አንድ ነገር መኖሩ ትንሽ አይደለም።

ገንዘቡም ያሳስባል። ኮም በሚል የሚያበቃ ዶሜይን በዓመት ከ10 እስከ 15 ዶላር ገደማ ያወጣል፤ ብዙዎቹ የውጭ ሻጮች ግን የሚቀበሉት ዓለም አቀፍ የባንክ ካርድ ነው። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ ዋጋ ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ስለወጣ የዓመቱ ክፍያ በብር ሲታይ ያኔውኑ ወደ እጥፍ ተጠግቶ ነበር። መውጫው በብር የሚሸጡ የአገር ውስጥ አቅራቢዎች ናቸው። በኢት (.et) የሚያበቃውን የአገራችንን ዶሜይን የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮምም ሆስቲንግ ይሸጣል። ወጪው አሁንም ለአንዲት ጉልት ቸርቻሪ አይመከርም፤ ለእርሷ ቴሌግራም ይበቃታል። የምናገረው ስለ ሆቴሉ፣ ስለ ግል ትምህርት ቤቱ፣ ስለ ክሊኒኩ፣ ከሁሉም በላይ ስለ ቡናና ማር ማኅበራቱ ነው።

ብዙ ድርጅቶች የሚጎዱት በአሠራሩ ሳይሆን በምዝገባው ነው። ገጹን የሚሠራው ወጣት ዶሜይኑን በራሱ ኢሜይል ያስመዘግባል፤ በክፋት ሳይሆን ስለሚቀልለው። ልጁ ሥራ አግኝቶ አዲስ አበባ ሲሄድ የእድሳቱ ማሳሰቢያ እርሱ በማይከፍተው ሳጥን ውስጥ ይቀራል፣ ስሙ ጊዜው ያልፍበታል፣ በመጨረሻም ቀድሞ ለመጣ ለማንም ይሸጣል። ስለዚህ የምዝገባው ኢሜይል የማኅበሩ ይሁን፤ የይለፍ ቃሉ ከማኅተሙ ጋር በጸሐፊው እጅ ይቀመጥ፤ የእድሳቱ ቀን በዓመታዊ በጀቱ ላይ ይጻፍ። ወለጋ ዩኒቨርሲቲ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ነቀምቴ ላይ ያስተምራል። የኮምፒውተር ተማሪዎቹ ለማኅበራቱ ገጽ ሠርተው ከመሄድ ይልቅ ጸሐፊዎቹን አስቀምጠው ስሙን በራሳቸው እጅ እንዲያስመዘግቡ፣ የመጀመሪያውንም ገጽ በአፋን ኦሮሞ ለአምራቹ፣ በእንግሊዝኛ ለገዢው እንዲጽፉ ቢያለማምዷቸው፣ በሚቀጥለው የቡና ለቀማ ወቅት «ለቀምቲ» ብሎ የሚፈልግ ሰው ከአምራቾቹ ከራሳቸው መልስ ማግኘት ሊጀምር ይችላል።