በድንገት ራስን የሚያስት የልብ ምት መዘግየት እና ከቆዳ ሥር የሚተከለው መሣሪያ

በገበያ መካከል ወይም በእርሻ ማሳ ላይ ሰው በድንገት ሲወድቅ በአቅራቢያው ያለው ክብሪት ለኩሶ ያሸተዋል፤ ሌላው ውኃ ይረጭበታል። የወደቀው ሰው ከጥቂት ጊዜ በኋላ ዐይኑን ገልጦ «ምን ሆኜ ነው?» ሲል ይጠይቃል። ዘመድ ወዳጅም «የሚጥል በሽታ ነው» ብሎ ይደመድማል፤ ከመንፈስ ጋር የሚያገናኘውም አይጠፋም።

የሚጥል በሽታ መነሻው አንጎል ነው። ራሳቸውን ስተው ከሚወድቁ ሰዎች መካከል ግን የችግራቸው ምንጭ ልብ የሆነ አሉ። ለሚጥል በሽታ የሚታዘዝ ኪኒን የእነዚህን ሰዎች ልብ አያስተካክልም፤ የክብሪቱ ጢስ ደግሞ ለሁለቱም አይበጅም። የልብ ምቱ ከመጠን በላይ የዘገየ ሰው በወቅቱ ካልታከመ ሕይወቱን ሊያጣ ስለሚችል ሁለቱን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል።

ከልብ የሚመጣው መውደቅ ብዙ ጊዜ ፈጣን ነው። ሰውየው ይገረጣል፣ ይወድቃል፣ ብዙም ሳይቆይ ይነቃል፤ ሲነቃም የት እንዳለና ማን እንደሆነ ወዲያው ያውቃል። በሚጥል በሽታ የወደቀ ሰው ግን መንቀጥቀጡ ረዘም ይላል፣ ምላሱን ሊነክስ ይችላል፣ ከነቃ በኋላም ለተወሰነ ጊዜ ግራ ተጋብቶና ደክሞ ይቆያል። አሳሳቹ ነገር ልብ ደም መርጨት ሲያቆም አንጎል ደም ስለሚያጣ በልብ ምክንያት የወደቀውም ሰው ለአፍታ ሊንቀጠቀጥ መቻሉ ነው። ስለዚህ የዐይን ምስክርነት ሐኪሙን ይረዳል እንጂ ብቻውን አይበቃም። የልብን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ በወረቀት ላይ የሚያሰፍረው የኢሲጂ ምርመራ አስፈላጊ የሚሆነውም ለዚህ ነው። ምርመራው ሕመም የለውም፤ በጥቂት ደቂቃዎች ይጠናቀቃል።

ልብ የምትመታው በራሷ የኤሌክትሪክ ምልክት ነው። ምልክቱ ከልብ የላይኛው ቀኝ ክፍል ይነሣና መካከል ላይ ባለች ጠባብ መተላለፊያ አልፎ ወደ ታችኞቹ ክፍሎች ይደርሳል፤ እነርሱም ተኮማትረው ደምን ወደ ሳንባና ወደ መላው አካል ይረጫሉ። ነገሩን ከመስኖ ጋር ማነጻጸር ይቻላል። ምንጩ ሳይነጥፍ ቦዩ መካከል ላይ ከተደፈነ የታችኛው ማሳ ይደርቃል። በልብም እንዲሁ ምልክቱ ከላይ እየተነሣ መተላለፊያው ሲዘጋ የታችኛው ክፍል በራሱ ዝግ ያለ ምት ብቻ ይቀራል። ይህ ምት በደቂቃ ከ40 በታች ሊሆን ይችላል፤ አንዳንድ ጊዜም ለሰከንዶች ጨርሶ ይቆማል። ሰው የሚወድቀው ያን ጊዜ ነው። ለዚህ ዕድሜ አንዱ ምክንያት ነው፤ የልብ ጡንቻ ሕመም፣ አንዳንድ መድኃኒቶችና ከውልደት ጀምሮ ያለ ጉድለትም ያመጡታል።

የልብን ምት በቤት ውስጥ መቁጠር ይቻላል። ሁለት ጣቶችን ከእጅ አንጓ ላይ በአውራ ጣት በኩል አሳርፎ ለአንድ ሙሉ ደቂቃ ትርታውን መቁጠር ነው። ዕረፍት ላይ ባለ አዋቂ ሰው በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ያለው የተለመደ ነው። አካሉ በሥራ የጠነከረ ሰው ምንም ሳይሰማው ከ60 በታች ሊቆጥር ስለሚችል ቁጥሩ ብቻውን ሊያስደነግጥ አይገባም። ዝግ ያለ ምት ከማዞር፣ ዳገት መውጣት ከሚያቅት ድካም ወይም ራስን ከመሳት ጋር ሲመጣ ግን ወደ ሐኪም መሄድ ይገባል።

የልብ ምት መዛባት ሁሉ መሣሪያ አይሻም። በልጅነት ባልታከመ የጉሮሮ ሕመም ሰበብ የሚመጣው የልብ በር በሽታ ምቱን ሥርዐት ያሳጣውና በልብ ውስጥ ደም እንዲረጋ ያደርጋል፤ የረጋው ደም ወደ አንጎል ሲሄድ ስትሮክ ያስከትላል። በአፍሪካ፣ በእስያ እና በላቲን አሜሪካ በሚገኙ 24 ሀገራት ከ4 ሺህ 500 በላይ ሕሙማን ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ በ2022 ይፋ የሆነ ጥናት ለእነዚህ ሰዎች ዋርፋሪንን የመሳሰሉት የቆዩት መድኃኒቶች ሪቫሮክሳባን ከተባለው አዲሱ መድኃኒት የተሻለ ሕይወት እንደሚታደጉ አሳይቷል። ዋርፋሪን ርካሽ ቢሆንም የሚወስደው ሰው ደሙን በየጊዜው ማስመርመር አለበት።

መተላለፊያው ለተዘጋባት ልብ ግን አስተማማኙ መፍትሔ ፔስሜከር የሚባለው የልብ ምት አስተካካይ ነው። ከክብሪት ቀፎ ብዙም የማይበልጠው ይህ መሣሪያ ከትከሻ በታች በደረት ቆዳ ሥር ይቀመጣል፤ ከእርሱ የሚነሣ ቀጭን ሽቦ በደም ሥር ውስጥ አልፎ ልብ ይደርሳል። መሣሪያው ልብ በራሷ ስትመታ ዝም ይላል፤ ምቱ ሲዘገይ ደግሞ አነስተኛ የኤሌክትሪክ ግፊት ይልካል። ቦታውን ብቻ በማደንዘዝ ስለሚተከል ብዙውን ጊዜ ሙሉ ሰመመን አያስፈልግም።

መሣሪያው ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው አካል ውስጥ የተተከለው እ.ኤ.አ ጥቅምት 8 ቀን 1958 በስዊድን ነው። ታካሚው በቀን ብዙ ጊዜ ራሱን ይስት የነበረው የ43 ዓመቱ አርኔ ላርሰን ነበር። መሐንዲሱ ሩኔ ኤልምክቪስት የመሣሪያውን አካላት በጫማ ቀለም ቆርቆሮ ውስጥ አስቀምጦ እንደ ሙጫ በሚረጋ ፕላስቲክ ሸፈናቸው፤ ሐኪሙ ኦኬ ሴኒንግ ተከለው። የመጀመሪያው መሣሪያ ያገለገለው ለሰዓታት ብቻ ነበር። ላርሰን ግን በሕይወት ዘመኑ 26 መሣሪያዎችን እየቀያየረ እስከ 2001 ኖሯል፤ በ86 ዓመቱ ያረፈውም በካንሰር ነበር። መሐንዲሱም ሐኪሙም ቀድመውት ነው ያለፉት። ያን ያህል መቀያየር ካስፈለገበት ምክንያት አንዱ ባትሪው ነበር። በ1970ዎቹ በሊቲየም የሚሠራ ባትሪ ከመጣ በኋላ አንዱ መሣሪያ ለዓመታት የሚያገለግል ሆኗል፤ ዛሬ አሥር ዓመት ገደማ የሚቆዩ ብዙ ናቸው።

ይህ ሁሉ ዕድገት ግን ለድኻው ብዙ አልቀረበም። የአዲስ መሣሪያ ዋጋ ባደጉት ሀገራት በሺዎች የሚቆጠር ዶላር የሚደርስበት ጊዜ አለ። ተመራማሪዎችን ወደ አንድ ያልተለመደ ሐሳብ የመራቸውም ይህ ነው፦ ከሟች አካል የወጣ መሣሪያ ለሌላ ሰው ቢተከልስ?

አስከሬን በሚቃጠልባቸው ሀገራት መሣሪያው ቀድሞ መውጣት አለበት፤ ባትሪው በእሳት ውስጥ ይፈነዳልና። ስለዚህ ገና ብዙ ዓመት ማገልገል የሚችሉ መሣሪያዎች በከንቱ ይጣሉ ነበር። በካናዳ ሞንትሪያል የሚገኙ ተመራማሪዎች እነዚህን አሰባስበው፣ የባትሪያቸውን ዕድሜ መርምረውና ከተሕዋስያን አጽድተው ወደ ሜክሲኮ፣ ዶሚኒካን ሪፐብሊክ፣ ጓቲማላ እና ሆንዱራስ ላኩ። እ.ኤ.አ በ2020 ይፋ ባደረጉት ውጤት መሣሪያውን ከወሰዱ 1 ሺህ 51 ሕሙማን መካከል በሁለት ዓመት ውስጥ 2 በመቶዎቹ፣ በካናዳ አዲስ መሣሪያ ከተተከለላቸው 3 ሺህ 153 ሰዎች ደግሞ 1 ነጥብ 2 በመቶዎቹ በመሣሪያው ዙሪያ ኢንፌክሽን ገጥሟቸዋል። ተመራማሪዎቹ ልዩነቱ በስታቲስቲክስ ሚዛን ጉልህ አይደለም ብለዋል። ሆኖም ሁለቱ ወገኖች የታከሙት በተለያየ ሀገርና ሆስፒታል ስለሆነ ንጽጽሩ ሙሉ አይደለም።

ጉድለቱን ለመሙላት በአሜሪካ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ወደ 300 የሚጠጉ ሕሙማንን በዕጣ ለሁለት ከፍለው ለግማሾቹ አዲስ፣ ለግማሾቹ የታደሰ መሣሪያ እንዲተከል አደረጉ። ጥናቱ ኬንያ፣ ናይጄሪያ፣ ሞዛምቢክ እና ሴራሊዮንን ጨምሮ በሰባት ሀገራት የተካሄደ ነበር። እ.ኤ.አ በኅዳር 2024 በቀረበው ውጤት በ90 ቀናት ውስጥ የታደሰው ከአዲሱ ያነሰ ሆኖ አልተገኘም። ዘጠና ቀን ለዓመታት ለሚያገለግል መሣሪያ አጭር ጊዜ ነው፤ ቢሆንም በእንዲህ ያለ በዕጣ የተደለደለ ንጽጽር የተገኘ ማስረጃ በመሆኑ ክብደት አለው። አምራቾች መሣሪያውን ለአንድ ሰው ብቻ ብለው ስለሚሸጡትና በአሜሪካም የተፈቀደው በዚሁ መልክ ስለሆነ ሥራው በልዩ ፈቃድና በቤተሰብ ስምምነት የሚከናወን ነው። ሌላም ችግር አለ። የእያንዳንዱ አምራች መሣሪያ የሚነበበውና የሚስተካከለው በዚያው አምራች ማሽን ብቻ ነው፤ በልገሳ የመጣ መሣሪያ ማንበቢያው በሌለበት ሆስፒታል ከተተከለ ክትትሉ ይቸግራል።

በኢትዮጵያ መሣሪያውን የሚተክሉ ባለሙያዎች ጥቂት በመሆናቸው አብዛኛው ሕመምተኛ በሪፈር ወደ አዲስ አበባ ይላካል። መሣሪያው የተተከለለት ሰው በየጊዜው ወደ ሆስፒታል ተመልሶ ባትሪውን ማስፈተሽ አለበት፤ ከሩቅ ገጠር ለሚመጣ አርሶ አደር የጉዞው ወጪ ከሕክምናው ጋር አብሮ የሚታሰብ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በተተከለበት በኩል ያለውን ክንድ ከትከሻ በላይ ማንሣት፣ መጥረቢያ መሰንዘርም ሆነ ከባድ ሸክም ማንሣት አይፈቀድም፤ ሽቦው ገና ስላልጸና ሊነቀል ይችላል። ቁስሉ ከዳነና ሐኪሙ ከፈቀደ በኋላ ብዙዎች ወደ እርሻቸው ይመለሳሉ። የእጅ ስልክን በደረት ኪስ መያዝ አይመከርም፤ ከመሣሪያው ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር መራቅ አለበት። በብየዳ የሚተዳደር ሰው ወደ ሥራው ከመመለሱ በፊት ሐኪሙን ማማከር ይኖርበታል። በተተከለበት ቦታ መቅላት፣ እብጠት ወይም ፈሳሽ ከታየ ወይም ሰውየው እንደ ቀድሞው ራሱን ከሳተ ቀጠሮ ሳይጠብቅ ወደ ሆስፒታል መሄድ አለበት፤ የመሣሪያውን ዓይነትና አምራች የሚገልጸውን ካርድም ይዞ መሄድ ይገባዋል።