በክፉ ቀን የንግድ መሪ የመጀመሪያ ቃል
(ከይፋት ቆላ ልማድ የሚገኝ ትምህርት)

አንድ የንግድ ድርጅት ድንገተኛ አደጋ ሲደርስበት መሪው ለሕዝብ ምን መናገር ይገባዋል? መቼስ ይናገር? በማንስ አፍ? ይህን ጥያቄ የሚመልስ ራሱን የቻለ ሙያ በዓለም ላይ ተስፋፍቷል፤ ለኩባንያ መሪዎች በክፉ ቀን ምክር በመስጠት የሚተዳደሩ ባለሙያዎችም ብዙ ናቸው። በአገራችንም ዛሬ የሕዝብ ግንኙነት ክፍል የሌለው ትልቅ መሥሪያ ቤት ጥቂት ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የሙያውን ዋና ሐሳብ በአጭሩ ማስረዳት ነው። መነሻ ያደረግነው ግን ሸዋ ሮቢትንና የይፋትን ቆላ ነው። ይህንንም ያደረግንበት ምክንያት ሙያው ዛሬ የሚያስተምረው ዋና ደንብ በዚያ አገር ከጥንት ጀምሮ ሲሠራበት የኖረ ስለ ሆነ ነው። ደንቡም፦ ያዩትን፣ የሰሙትንና የማያውቁትን ለይቶ፣ ቶሎ መናገር ነው።

ሀ. አገሩና የወሬው መንገድ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው አውራ ጎዳና ከጣርማ በር ወርዶ ደብረ ሲናን ካለፈ በኋላ ቆላውን ይይዛል። ሸዋ ሮቢት በዚህ መንገድ ላይ፣ ከአዲስ አበባ 220 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች። በስተ ምዕራብ ደጋው፣ በስተ ምሥራቅ የአፋር ሜዳ አለ። ምድሩ ጤፍ፣ ማሽላና ማሾ ያበቅላል፤ ወንዝ በተጠለፈበት ሥፍራ ደግሞ ሽንኩርት ይለማል። በገበያው አማራው፣ አርጎባው፣ ኦሮሞውና አፋሩ ይገናኛሉ። ከሸዋ ሮቢት በስተ ሰሜን የሚገኘው የሰንበቴ የእሑድ ገበያ በዚህ የታወቀ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመትም ከሐረርና ከባሕር ጠረፍ የሚመጣው ሲራራ ነጋዴ በአንኮበር ሥር ባለችው በአልዩ አምባ ገበያ ዕቃውን ያራግፍ ነበር።

እንዲህ ያለው ገበያ የእህልና የከብት ብቻ ሳይሆን የወሬም ገበያ ነው። ወደዚያ የሚሄድ ሰው ዋጋ ብቻ አይጠይቅም፤ መንገዱ ሰላም መሆኑን፣ ዝናብ የት እንደ ጣለ፣ ማን እንደ ሞተና ማን እንደ ታረቀ ይጠይቃል። በአፋሮች ዘንድ ይህ ነገር ስምና ሥርዓት ያለው ሲሆን «ዳጉ» ይባላል። ሁለት አፋሮች በመንገድ ሲገናኙ ቸኩለው አይተላለፉም፤ ሰላምታ ተለዋውጠው፣ ተቀምጠው፣ ያላቸውን ዜና በተራ ይነጋገራሉ። ስለ ግጦሽ፣ ስለ ውሃ፣ ስለ ጸጥታ፣ ስለ እንግዳ ሰው፣ ስለ ኀዘንና ስለ ደስታ ይጠያየቃሉ። ተናጋሪው በዓይኑ ያየውን ከሌላ ከሰማው ለይቶ፣ የሰማውንም ከማን እንደ ሰማ ጨምሮ ይናገራል። ሐሰት ያወራ ሰው ይነቀፋል፤ ይጠየቅበታልም። ስለዚህ አንድ ዜና ከሰው ወደ ሰው ሲሻገር ብዙ አገር ቢያቋርጥም መነሻው አይጠፋም።

በመንግሥት በኩል ደግሞ የቀድሞው አዋጅ ነጋሪ ነበር። እርሱም በገበያ መካከል ቆሞ፣ የሰማ ላልሰማ እንዲያሰማ አዝዞ፣ የላከውን ባለ ሥልጣን ስም ጠርቶ ይናገር ነበር። በሁለቱም ልማድ አንድ የጋራ ነገር እናገኛለን፤ ይኸውም ቃል ያለ ባለቤት አለመለቀቁ ነው።

ለ. ዝምታ ሲነቅዝ

አባቶቻችን «ዝም አይነቅዝም» ይላሉ። ለግል ጠብና ለቁጣ ጊዜ ይህ ምክር እጅግ መልካም ነው። ለሕዝብ ዕቃ የሚሸጥ፣ የሕዝብ ገንዘብ የሚይዝ ወይም ሰው የሚያጓጉዝ ድርጅት ግን አደጋ በደረሰበት ቀን ዝም ቢል ዝምታው እንደ ቆላ እህል ይነቅዝበታል። ምክንያቱም ሰው የጎደለውን ዜና ሳይሞላ አያድርም፤ ባለቤቱ ያልነገረውን ጎረቤት ይነግራል፤ ጎረቤት ያላወቀውን ባላጋራ ይፈጥራል። ዛሬ ደግሞ በእጅ ስልክና በፌስቡክ የሚሄደው ቃል እንደ ዳጉ ከማን እንደ ተሰማ አይጠየቅም።

ይሁን እንጂ ከዝምታ የሚከፋ አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ያላወቁትን እንዳወቁ ሆኖ መናገር ነው። ይህን በሁለት የታወቁ ጉዳዮች እናስረዳለን።

ሐ. የመጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. አደጋ

በዚያን ቀን ከጧቱ በ2 ሰዓት ከ38 ደቂቃ ከቦሌ ወደ ናይሮቢ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ማክስ 8 አውሮፕላን ከስድስት ደቂቃ በኋላ በቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ የተሳፈሩት 157 ሰዎች በሙሉ አለቁ። አየር መንገዱ በዚያው ዕለት ቁጥር የተሰጣቸው ተከታታይ መግለጫዎች ማውጣት ጀመረ። ዋና ሥራ አስፈጻሚው አቶ ተወልደ ገብረ ማርያም በፍርስራሹ መካከል ቆመው የሚያሳይ ፎቶግራፍም ወጣ። መግለጫዎቹ የበረራውን ቁጥር፣ የተነሣበትን ሰዓትና የተሳፋሪዎቹን ብዛት ሲገልጡ የአደጋውን ምክንያት ለምርመራ ትተውታል። ሆኖም ምክንያቱ እስኪታወቅ እጅ አጣጥፎ መጠበቅ አልነበረም፤ አየር መንገዱ በማግሥቱ የቀሩትን የዚያ ዓይነት አውሮፕላኖቹን ከበረራ ማገዱን አስታወቀ።

በአንጻሩ የአውሮፕላኑን ሠሪ እንመልከት። ከዚህ አደጋ ከአምስት ወር ያህል በፊት፣ በጥቅምት 19 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ የላየን ኤር አውሮፕላን በኢንዶኔዥያ ባሕር ወድቆ 189 ሰዎች አልቀው ነበር። አፍንጫውን በራሱ ኃይል ወደ ታች የሚገፋው አዲስ መሣሪያ ለአብራሪዎች በተሰጠው መመሪያ መጽሐፍ ውስጥ አልተገለጠም ነበር። ከቢሾፍቱው አደጋ ሁለት ቀን በኋላ እንኳ ቦይንግ በአውሮፕላኑ ደህንነት ላይ ሙሉ እምነት እንዳለው ተናገረ፤ በማግሥቱ ግን አውሮፕላኑ በዓለም ሁሉ እንዲቆም ራሱ ለመጠየቅ ተገደደ። ኩባንያው በሁለቱም አደጋዎች የመሣሪያውን ድርሻ አምኖ ኀዘኑን የገለጠው የመጀመሪያ ደረጃ የምርመራ ዘገባ በአዲስ አበባ በወጣበት በመጋቢት 26 ቀን ነው። ዋና ሥራ አስፈጻሚው በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ከሥራቸው ተነሡ። በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. ደግሞ ኩባንያው ከአሜሪካ መንግሥት ጋር በገባው ውል ከ2.5 ቢሊዮን ዶላር በላይ ለመክፈል ተስማማ።

እርግጥ ክርክሩ በዚህ አላበቃም። የኢትዮጵያ መርማሪዎች የመጨረሻ ዘገባ በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ሲወጣ የአሜሪካና የፈረንሣይ መርማሪዎች ስለ አብራሪዎቹ አሠራር በቂ ነገር አልተጻፈም ብለው ተቃውመዋል። ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመው ግን ይህ ነው፦ አየር መንገዱ በመጀመሪያው ቀን የሚያውቀውን ብቻ ስለ ተናገረ፣ ኋላ ክርክር ቢነሣም የመጀመሪያ ቃሉን መሻር አላስፈለገውም። ቦይንግ ግን የተናገረውን በማግሥቱ በገዛ ሥራው አፈረሰው።

መ. የንግድ ባንክ ሌሊት

ሁለተኛው ጉዳይ ለእኛ ለተማሪዎች ቅርብ ነው። ከመጋቢት 6 ለ7 አጥቢያ 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የኮምፒዩተር ሥርዓት ተሳስቶ ደንበኞች በሒሳባቸው ካለው ገንዘብ በላይ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ወሬው ከባንኩ መግለጫ ቀድሞ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ተዳረሰ፤ ተማሪዎችም በሌሊት በገንዘብ ማውጫ ማሽን ፊት ተሰለፉ። ባንኩ አገልግሎቱን ለሰዓታት አቋረጠ። ሕዝቡም ባንኩ በኮምፒዩተር ሌቦች ተዘረፈ ብሎ እስከ መጠርጠር ደረሰ፤ ባንኩ በኋላ ይህን አስተባብሏል።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት 490 ሺህ ያህል የገንዘብ እንቅስቃሴ እንደ ተደረገ ተነገረ፤ 2.4 ቢሊዮን ብር የሚል ቁጥርም ተሰራጨ። ብዙ ሰው ይህ ሁሉ የጠፋ ገንዘብ መሰለው። በኋላ ግን ባንኩ ያላግባብ የተወሰደው 801 ሚሊዮን ብር ገደማ መሆኑን፣ ከዚህም ከ622 ሚሊዮን ብር በላይ በዚያው በመጋቢት ወር መመለሱን አስታወቀ። ከዚህ የምንማረው፣ ቁጥር ትርጉሙ ሳይነገር ብቻውን ከወጣ እውነት ሆኖ ሳለ የሐሰትን ሥራ ሊሠራ እንደሚችል ነው።

በሌላ በኩል ግን የባንኩ ፕሬዚዳንት አቶ አቤ ሳኖ ራሳቸው ወጥተው መናገራቸው፣ በፈቃዱ የመለሰ እንደማይከሰስ መገለጡ፣ ዩኒቨርሲቲዎችም ተማሪዎቻቸውን እንዲመልሱ ማሳሰባቸው ብዙ ረድቷል። ገንዘቡን ላልመለሱት ስማቸው በአደባባይ እንደሚወጣ መነገሩ ግን ለክርክር የሚበቃ ነው። አንዳንዱ ሰው ማስፈራራቱ ገንዘቡን አስመልሷል ይላል፤ በእኛ አስተያየት ግን የመመለሻው በር መከፈቱ ከማስፈራራቱ ይበልጥ ሠርቷል። በሽምግልና እንደሚታወቀው፣ የሚታረቅበት በር ያልተተወለት ሰው ጥፋቱን ከማመን ይልቅ መሸሽን ይመርጣል።

ሠ. ለቆላው ነጋዴ ምን ይጠቅማል?

ይህ ሁሉ ለትልልቅ ድርጅቶች ብቻ የሚመስለው ሰው ይኖር ይሆናል። ስለዚህ ምሳሌ እናቅርብ። በሸዋ ሮቢት ከገበሬዎች በዱቤ የተረከበውን ማሾ ያከማቸ አንድ ነጋዴ መጋዘኑ በሌሊት ተቃጠለ እንበል። ነጋዴው አዲስ አበባ ነው። እስኪመለስ ድረስ ሦስት ጥያቄዎች በገበያው ይዞራሉ፦ የሞተ ሰው አለ ወይ? ገንዘባችን ይከፈለናል ወይ? ያቃጠለውስ ማን ነው?

ከሦስቱ እጅግ የሚያስፈራው የመጨረሻው ነው። በ2013 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር የአጣዬ ከተማ አብዛኛው ክፍል የተቃጠለበት፣ ሸዋ ሮቢትም የተጎዳችበት፣ በኅዳር 2014 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነት የገባበት አገር ነው። እንዲህ ባለ ሥፍራ «የእገሌ ወገን አቃጠለው» የሚል አንድ ቃል ከነጋዴው አፍ ቢወጣ ከተቃጠለው ማሾ የሚበልጥ ነገር ያቃጥላል። ያ ቃል ኋላ ሐሰት ሆኖ ቢገኝና ይቅርታ ቢጠየቅበት የፈሰሰው ደም አይመለስም። ስለዚህ ለነጋዴው የሚከተለውን እንመክራለን።

አንደኛ፣ እንደ ሰማ ወዲያው በታመነ ሰው አፍ አጭር ቃል ይላክ፤ ራሱም ፈጥኖ ይድረስ። ሰዎቹ የሚያምኑት ፊቱን ያዩትን ነው።

ሁለተኛ፣ ከዕቃው በፊት ስለ ሰው ይናገር። የተጎዳ ካለ አስቀድሞ ቤተሰቡ ዘንድ ይሂድ፤ ቤተሰብ የልጁን ነገር ከገበያ መስማት የለበትም።

ሦስተኛ፣ ንግግሩን በሦስት ይክፈል፤ «ያየሁት ይህ ነው፤ የተነገረኝ ይህ ነው፣ የነገረኝም እገሌ ነው፤ የማላውቀው ይህ ነው» ይበል። ምክንያቱን ለመርማሪ ይተው፤ ማንንም ወገን በስም አይጥራ።

አራተኛ፣ ስለ ዕዳው ሊፈጽመው የሚችለውን ብቻ ይናገር። «ሁሉም በሳምንት ይከፈላል» ብሎ ከማጠፍ «የእያንዳንዱን መዝገብ እስከ ረቡዕ አጣራለሁ» ብሎ መፈጸም ይሻላል።

አምስተኛ፣ ደግሞ የሚናገርበትን ቀን ይቁረጥ፤ አዲስ ነገር ባይኖርም በቀኑ ቆሞ «አዲስ ነገር የለም» ይበል። ቀኑን የሚያውቅ ሰው እስከዚያ የጎረቤትን ግምት ለማመን አይቸኩልም።

ስድስተኛ፣ ቃሉን አድማጩ በሚሰማበት ቋንቋና መንገድ ይላክ፤ በአማርኛ ብቻ ሳይሆን በአፋርኛና በኦሮምኛም፣ በመስጊድና በቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ በዕድርና በገበያ ቀን።

ሰባተኛ፣ ጥፋቱ የእርሱ ሆኖ ከተገኘ ሌላ ሰው ሳያጋልጠው ራሱ ይመን። በይፋትና በወሎ የደም ጠብ የሚያስታርቁት አበጋሮች የሚከበሩት እውነትን በአደባባይ አስነግረው ዕርቅ ስለሚያወርዱ ነው፤ የንግድ ጥፋትም ከዚህ የተለየ መድኃኒት የለውም።

እነዚህ ሰባት ነገሮች የሚሠሩት ግን በደህናው ቀን ከተዘጋጁ ነው። ማን እንደሚናገር፣ የማን ስልክ ቀድሞ እንደሚደወል፣ የገበሬዎቹ መዝገብ ሁለተኛ ቅጂ የት እንደሚቀመጥ አስቀድሞ ያልወሰነ ሰው በእሳት ፊት ሊወስን አይችልም። ነጋዴው በዘወትር ሚዛኑ ያልታመነ እንደ ሆነም በክፉ ቀን ቃሉ አይታመንም።

መደምደሚያ

የሕዝብ ግንኙነት ሙያ ጥፋትን በመልካም ቃል የመሸፈን ጥበብ ነው የሚሉ ሰዎች አሉ። በዚህ መንገድ የሚሠሩበት መኖራቸው አይካድም። እኛ እንደ ተረዳነው ግን የሙያው ፍሬ ሌላ ነው፤ ቃል ባለቤት እንዲኖረውና ልኩን እንዳያልፍ ማድረግ ነው። የንግድ ትምህርት የምንማር ተማሪዎች ነገ በመሥሪያ ቤት ኃላፊነት ስንቀመጥ ይህን ከውጭ አገር መጻሕፍት ብቻ መፈለግ አይገባንም። ዳጉ፣ አበጋርና የቆላው ገበያ በሥነ ሥርዓት ሊጠኑ የሚገባቸው ናቸው፤ መምህራኖቻችንም ለዚህ ጥናት መንገዱን እንዲያሳዩን በአክብሮት እንጠይቃለን።