ሞተር ከማስወረዳችሁ በፊት

«ላሳድሰው ወይስ ያገለገለ ሞተር ልግዛ?» ከላሊበላ ይምርሐነ ክርስቶስ የምንመላለስ ሹፌሮች ቡና ላይ ከተቀመጥን ወሬው ይኸው ነው። የኔዋ ዶልፊን ናት፤ 5ኤል ሞተር፣ ቱርቦ የሌላት። 40 ኪሎ ሜትር ግድም ባለው በዚያ ጠጠር መንገድ፣ ሰው ሞልታ ዳገት ስትይዝ ትደክማለች፣ ጥቁር ጭስ ትተፋለች። ያያት ሁሉ «ሞተሩ አልቋል» ይለኛል።

አላለቀም ባይ ነኝ። ላሊበላ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ይምርሐነ ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። እዚህ አየሩ ከባሕር ዳርቻ አየር ሩብ ያህል ይሳሳል። ቱርቦ ያለው ሞተር የሳሳውን አየር ጠቅጥቆ ያስገባል፤ አሮጌው 5ኤል ያገኘውን ብቻ ይስባል። ፖምፓው ግን ናፍታውን እንደ ቆላ አገር መስጠቱን አይተውም። አየር አጥቶ በደንብ ያልተቃጠለው ናፍታ ነው ጥቁር ሆኖ በማርሚታ የሚወጣው። መጀመሪያ የአየር ማጣሪያውን አውጥታችሁ እዩ፤ በጥቅምት 19፣ በይምርሐነ ክርስቶስ ክብረ በዓል ሰሞን፣ የመንገዱ አቧራ በአንድ ቀን ይደፍነዋል። ቀጥሎ ኢንጄክተር አስፈትሹ። ጥቁር ጭስ ብቻውን ሞተር አያስወርድም። ሰማያዊ ከሆነ ግን ዘይት እየተቃጠለ ነው፣ ያ ሌላ ጉዳይ ነው።

ቁርጡን የሚነግራችሁ ኮምፕሬሽን ነው። እዚህም ላይ ከፍታው ሊያሳስታችሁ ይችላል። የፋብሪካው መጽሐፍ ለዚህ ዓይነት ሞተር ጤነኛው 32 ባር ገደማ፣ የመጨረሻው ዝቅተኛ 20 ገደማ ይላል። በኛ ከፍታ ጤነኛው 32 ራሱ ወደ 23 ይወርዳል። መጽሐፉን ብቻ ይዞ የሚለካ መካኒክ ደህናውን ሞተር «ሊያልቅ ነው» ቢላችሁ አይግረማችሁ። እኔ የማየው በሲሊንደሮቹ መካከል ያለውን ልዩነት ነው፤ ከ5 ባር መብለጥ የለበትም። 23፣ 22፣ 23፣ 22 ካለ አትንኩት። ሦስቱ 22 ሆነው አንዱ 14 ከሆነ ያ ሲሊንደር ታሟል። በእሱ ላይ ትንሽ፣ በጣም ትንሽ ዘይት ጠብ አድርጋችሁ ድገሙት። ቁጥሩ ከፍ ካለ ፋሻው ነው፤ ካልተነቃነቀ ቫልቮላ ወይም የቴስታታ ጓርኒሲዮን ነው። ለቫልቮላና ለጓርኒሲዮን ቴስታታ ማንሳት ይበቃል፤ እነሱ ሙሉ ሞተር አያስገዙም።

ብሎኩ ከተሰነጠቀ ወይም ኮሎው ከዚህ በላይ የማይሞረድ ከሆነ ግን እድሳት ገንዘብ ማባከን ነው፤ ሌላ ሞተር ግዙ። ከዚህ ውጭ ምርጫዬ ማሳደስ ነው። ያገለገለ ሞተር የሌላ ሰው ሞተር ነው፤ ዘይት በሰዓቱ ተቀይሮለት ይሁን በውኃ እጦት ተቃጥሎ ታጥቦ የመጣ ይሁን አታውቁም። ደግሞም ሊብሬው ላይ የሞተር ቁጥር አለ። የግዢ ደረሰኝና ዲክላራሲዮን የሌለው ሞተር በርካሽ ብታገኙ፣ ለቦሎ ምርመራ ስትቀርቡ ይጠብቃችኋል።

«ለምን መኪናውን ራሱን አትቀይርም?» ለሚሉኝ፦ ሐምሌ 2016 ብር ከተንሳፈፈ ወዲህ የዶላሩ ዋጋ ከእጥፍ በላይ ሆኗል፤ በዚያው ዓመት የናፍታና የቤንዚን አውቶሞቢል ማስገባትም ተከልክሏል። የኤሌክትሪክ መኪና በአየር መሳሳት አይደክምም፣ እውነት ነው፤ ይምርሐነ ላይ የት እንደምሰካው የሚነግረኝ ካለ ነገ እገዛለሁ።

ያገለገለ ሞተር መግዛት ግድ ከሆነባችሁ ሁለት ነገር ልብ በሉ። የታይሚንግ ቺንጋውን ሳትቀይሩ አትንዱ፤ ከተበጠሰ ቫልቮላው ከፒስተኑ ጋር ይጋጫል። ሌላው፣ ሞተሩን በቀዝቃዛው ሲነሳ ካላያችሁ ገንዘብ አትክፈሉ። ሻጩ አሙቆ ከጠበቃችሁ አስጠፉት፣ ምሳ በልታችሁ ተመለሱ፤ ከዚያ የዘይት ክዳኑን ከፍታችሁ መዳፋችሁን ከላይ አድርጉና አስነሱት። ጭሱ ድው ድው እያለ መዳፋችሁን ከገፋው፣ እዚያው ተዉት።