ሻንሲ ሲቀባ ሳንባ እንዳይጎዳ

ከወረታ ተነስቶ በደብረ ታቦር፣ በነፋስ መውጫና በጋሸና በኩል ወደ ወልድያ የሚዘልቀውን መንገድ የሚያውቅ ሰው፣ በየከተማው ዳር በአንድ ግቢ ውስጥ ጎማዋ ወልቆ፣ ካሳንዋ ተነስቶ የቆመች አሮጌ ፒክአፕ ቢያይ አይገርመውም። የጋይንት ዳገት፣ የስማዳ ቁልቁለትና የእስቴ ጭቃ መኪና ይፈትናል። ነገሩ አዲስ አይደለም፤ ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖልን ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ በመንኮራኩር ሲያስጎትቱ ወራት የፈጀባቸው በዚሁ ደጋና ገደል ነው። ዛሬ ከወገዳ ወይም ከመካነ ኢየሱስ ተነስቶ መኪናን ደብረ ታቦር ወይም ባሕር ዳር ጋራዥ አስገብቶ ማሠራት ወጪው ስለሚከብድ፣ ብዙ ባለንብረት ዝገቱን ራሱ ፍቆ፣ አንቲረስቱን ራሱ ቀብቶ መኪናውን ለመታደግ ይነሳል።

ይህን ሥራ ይተዉት አንልም። ሻንሲው በዝገት የተበላ መኪና መንገድ ላይ ቢሰበር የሚያደርሰው ጉዳት ይታወቃል። ነገር ግን የቀለም ሥራ በጋራዥ ሲሠራ የሚጎዳው ሠራተኛውን ሲሆን፣ በመኖሪያ ግቢ ሲሠራ ሚስትን፣ ልጆችን፣ ከብቱንና በቁና ተሰፍሮ የተሰጣውን እህል ጭምር ሊነካ ይችላል። የዛሬው ጽሑፋችን የሚያተኩረው በዚህ ላይ ነው።

በቅድሚያ አንድ ነገር እናስታውስዎ። ሻንሲ የመኪናው አጥንት ነው፤ ከሥር ስለሚውል ማንም አያየውም፣ እንደ በርና እንደ ኮፈን ማብረቅረቅም አይጠበቅበትም። ከዝገት እንዲከላከል ብቻ ነው የሚፈለገው። ስለዚህ ኮምፕሬሰር ተከራይቶ በስፕሬይ መንፋት አያስፈልግም። በብሩሽ የተቀባ አንቲረስት ወደ ብረቱ ስንጥቅና ወደ ብየዳው ስፌት በደንብ ይገባል፤ በአየር ላይ የሚበተነው የቀለም ብናኝም እጅግ ያነሰ ይሆናል። ይህን አንድ ምርጫ ካደረጉ ከዚህ በታች ከምንዘረዝረው አደጋ ብዙውን ገና ሳይጀምሩ አስቀርተዋል ማለት ነው።

ከሥሩ መግባት የግድ ከሆነ ደግሞ መኪናውን በክሪክ ብቻ አንስተው አይግቡ። ክሪክ ማንሻ እንጂ መያዣ አይደለም። ድንጋይ ደርድሮ ማስደገፍም የተለመደ ነው፤ ድንጋይ ግን ክብደት ሲያርፍበት ሳይታሰብ ይሰነጠቃል። በጠንካራ መሬት ላይ የብረት መቆሚያ ወይም ተነባብሮ የታሰረ ወፍራም የእንጨት ጉማጅ ያድርጉ፤ ጎማውን በሁለቱም በኩል ያስደግፉ፤ ከመግባትዎ በፊትም ገፋ አድርገው ይሞክሩት።

አሁን ወደ ሽታው እንምጣ። ቲነር፣ አኳራጅና ቤንዚን ሲተኑ የሚወጣው ጋዝ ከአየር ይከብዳል። እንደ ጭስ ወደ ላይ አይሄድም፤ ወደ መሬት ወርዶ እንደ ውኃ ዝቅተኛ ቦታ ይፈልጋል። በጀርባው ተኝቶ ሻንሲ የሚቀባ ሰው አፍንጫ የሚገኘው ጋዙ በሚጠራቀምበት ከፍታ ላይ ነው። ለሥራ እንዲመች ተብሎ መሬት ተቆፍሮ ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ደግሞ ይብሳል። መጀመሪያ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ፣ ቀጥሎ እንደ ስካር ያለ መደንዘዝ ይመጣል፤ ትንፋሹ እዚያው ከቀጠለ ራስን መሳት ይከተላል። አፍንጫ ሽታውን በደቂቃዎች ውስጥ ስለሚለምደው «አሁን ሽታው ቀነሰ» ማለት ጋዙ ቀነሰ ማለት አይደለም። በጉድጓድ ውስጥ ሆኖ ቀለም መቀባት ፈጽሞ አይመከርም። አንድ ሰው በዚያ ውስጥ ሆኖ ቢወድቅ ሌላው ዘሎ መግባት የለበትም፤ ከላይ በገመድ ወይም በልብሱ ጎትቶ ማውጣት ነው የሚሻለው።

ይኸው መሬት ለመሬት የሚሄድ ጋዝ እሳት ፍለጋም ይሄዳል። እንጀራ የሚጋገርበት ምድጃ ከመኪናው ብዙ ርምጃ ርቆ ሊሆን ይችላል፤ ጋዙ ግን በበሩ ሥር ገብቶ እሳቱን ካገኘ ነበልባሉ ወደ ቀለሙ ይመለሳል። ቀለም በሚቀባበት ቀን በግቢው ምድጃ አይነድም፣ ቡናም በከሰል አይፈላም፣ ሲጋራም አይጨስም። ለቤት እመቤቷ ይህን ቀድሞ መንገር ያስፈልጋል፤ ቀን መምረጥ ያለበት ቀቢው ብቻ አይደለም። የባትሪውን ገመድ መፍታትም አይዘንጉ።

ነፋስ መውጫ ስሙን የያዘው በከንቱ አይደለም፤ ከባሕር ወለል በላይ 3 ሺህ ሜትር ገደማ ላይ ያለ ብርዳም ከተማ ነው። ብርዱ በቀለም ሥራ ላይ ሁለት ነገር ያመጣል። አንደኛ ቀለሙ ቶሎ አይደርቅም። ሁለተኛና ዋነኛው ግን፣ ሰው ነፋስና አቧራ እንዳይነካው ብሎ ሥራውን ወደ ተዘጋ ቤት ያስገባል። የተፈቱ ክፍሎችን ቀብቶ ቤተሰብ በሚተኛበት ቤት ወይም በጓዳ የሚያደርቅም አለ። ቀለም ሲነካ የደረቀ ቢመስልም ለቀናት ጋዝ ይለቃል፤ ሕፃንና ነፍሰ ጡር በሚተኙበት ክፍል ማስቀመጥ አይገባም። መፍትሔው ሰዓት መምረጥ ነው። ውርጩና ጤዛው ከብረቱ ላይ ከለቀቀ በኋላ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት እስከ ከሰዓት ዘጠኝ ሰዓት ባለው ጊዜ፣ በጣሪያ ብቻ በተከለለ ጎኑ ክፍት በሆነ ቦታ ይቅቡ። ነፋሱ ከጀርባዎ ወደ ፊትዎ ሳይሆን ከጎንዎ እንዲያልፍ ሆነው ይቁሙ። ብረቱ ከአሥር ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ከሆነ ወይም እርጥበት ካለበት ቀለሙ አይይዝም፤ ስለዚህ ክረምቱን ማሳለፍ ለጤናም ለቀለሙም ይበጃል።

ከአዲሱ ቀለም ይልቅ አሮጌው የሚያሰጋበት ጊዜ ብዙ ነው። በድሮ መኪኖች ላይ የተቀባው ቀለም፣ በተለይም ቀይ ብርቱካንማው የብረት መከላከያና ቢጫው ቀለም፣ እርሳስ የተባለውን መርዛማ ብረት የያዘ ሊሆን ይችላል። በአገራችን በ2010 ዓ.ም. የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ በቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ ከሚሊዮን 90 ክፍል እንዳይበልጥ ይከለክላል፤ በአንድ ኪሎ ደረቅ ቀለም ውስጥ 90 ሚሊግራም ማለት ነው። ደንቡ ግን ከዚያ በፊት በተቀባ ሻንሲ ላይ ያለውን ቀለም አያነሳውም። ምርመራ እስካልተደረገ ድረስ አሮጌ የመኪና ቀለምን ሁሉ እርሳስ እንዳለበት ቆጥሮ መሥራት ነው የሚሻለው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ጉዳት የማያስከትል የእርሳስ መጠን የለም። ሕፃናት የዋጡትን እርሳስ ከአዋቂዎች ከአራት እስከ አምስት እጥፍ አብልጠው ወደ ሰውነታቸው ያስገባሉ፤ የሚጎዳውም አንጎላቸውን ነው። ትምህርት አልገባ ማለት፣ ቁጡነትና የደም ማነስ ከሚያስከትላቸው ችግሮች መካከል ናቸው። በአዋቂ ላይ የሆድ ቁርጠት፣ የሆድ ድርቀት፣ ድካምና የደም ግፊት ያመጣል። እርሳስ በአጥንት ውስጥ ለዓመታት ተቀምጦ በእርግዝና ጊዜ ተመልሶ ወደ ደም ስለሚወጣ ወደ ፅንሱ ይደርሳል። አባት ቀኑን ሙሉ ዝገት ሲፍቅ ውሎ በዚያው ልብስ ልጁን ቢያቅፍ አቧራውን ለልጁ አስተላለፈ ማለት ነው። የሥራ ልብስዎን እዚያው አውልቀው ለብቻው ይጠብ፤ ገላዎን ሳይታጠቡ ማዕድ አይቅረቡ።

ስለዚህ አሮጌ ቀለምን በግራይንደር አድርቆ መፋቅ፣ ይባስ ብሎም በላምባ ወይም በጋዝ እሳት ማቃጠል በግቢ ውስጥ አይደረግም። እሳቱ እርሳሱን ወደ ጭስ ይለውጠዋል። ከሥር ሰፊ ላስቲክ አንጥፈው፣ ብረቱን በውኃ እያረጠቡ በብርጭቆ ወረቀትና በሽቦ ብሩሽ ይፍቁ። ጊዜ ይወስዳል፤ አቧራው ግን አይነሳም። ፍቅፋቂውን ላስቲኩ ላይ ሰብስበው ክዳን ባለው ቆርቆሮ ውስጥ ይዝጉት፤ ወደ ጓሮም ወደ ወንዝም አይድፉት፣ አያቃጥሉትም። ከብት የቀለም ቅርፊትና የአሮጌ ባትሪ ስብርባሪ የመላስ ልማድ አላት፤ በእርሳስ ተመርዛ የምትሞት ላም ለአርሶ አደር ቤት ምን ማለት እንደሆነ መናገር አያሻንም። በዚያ ሳምንት በግቢው ስጥ አይሰጣ፤ ዶሮዎቹም ይዘጉ።

ዝገትን በኮምፕሬሰር አሸዋ እየነፉ ማስለቀቅም አለ። የወንዝ አሸዋ ሲደቅ የሚወጣው የሲሊካ ብናኝ ሳንባን ያጠጥራል። ሲሊኮሲስ የሚባለው ይህ በሽታ አይድንም፤ የሳንባ ነቀርሳ የመያዝ ዕድልንም ከፍ ያደርጋል። በቤት ውስጥ ፈጽሞ አይሞከር።

ሌላው መራቅ ያለብዎት ከማጠንከሪያ ጋር በሁለት ቆርቆሮ የሚሸጠውን፣ ተቀላቅሎ በስፕሬይ የሚነፋውን የመኪና ቀለም ነው። በብዙዎቹ ማጠንከሪያዎች ውስጥ ያለው አይሶሳያኔት የተባለው ኬሚካል አስም ያስይዛል። ሽታው አስቀድሞ አያስጠነቅቅም። አንድ ጊዜ ሰውነት ከተቆጣ ደግሞ ከዚያ በኋላ ጥቂት ብናኝ እንኳ ትንፋሽ የሚያሳጥር ሕመም ይቀሰቅሳል። ንጹሕ አየር በቱቦ የሚያደርስ ጭንብል ያለው ጋራዥ ይሥራው። ለሻንሲ ግን፣ ከላይ እንዳልነው፣ አያስፈልግም፤ እርሳስ የሌለው መሆኑ በቆርቆሮው ላይ የተጻፈ አንቲረስትና በላዩ ተራ ሲንተቲክ ቀለም ሁለት ጊዜ በብሩሽ መቀባት ይበቃል። ቅባቱንም በቤንዚን ሳይሆን በሙቅ ውኃና በሳሙና ይጠቡት። በሻንሲው ላይ ብየዳ ካለ ከቀለሙ በፊት ይለቅ፤ የተቀባ ብረት መበየድ ያንኑ መርዝ በጭስ መልክ መሳብ ነው።

ስለ ጭንብል ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሻሽ፣ ፎጣ ወይም በኮቪድ ጊዜ የለመድነው የሐኪም ጭንብል የቲነር ጋዝን አያግደውም። ኤን 95 የሚባለው አቧራ ያቆማል፤ ጋዝ ግን ያልፈዋል። ጋዝ የሚያቆመው ከሰል ያለበት ማጣሪያ የሚገጠምለት የላስቲክ ጭንብል ነው። እሱም ቢሆን ጺም ካለ ከፊት ጋር አይገጥምም፤ ማጣሪያውም ሽታ ማስገባት ሲጀምር መቀየር አለበት። ከሥር ሲሠራ ቅርፊት ዓይን ውስጥ ስለሚወድቅ መነጽርም ያስፈልጋል።

ከሥራ በኋላ ወተት መጠጣት በቀቢዎችና በበያጆች ዘንድ የቆየ ልማድ ነው። ወተት ጥሩ ምግብ ነው፤ እኛም አንቃወመውም። የሚወርደው ግን ወደ ጨጓራ እንጂ ወደ ሳንባ አይደለም። በትንፋሽ የገባ ጋዝና አቧራ በወተት አይታጠብም። ካልሲየምና ብረት በበቂ የሚያገኝ ሰው የዋጠውን እርሳስ ያነሰ መጠን ያስገባል፤ ይህ ግን በየዕለቱ ጥሩ የመመገብ ጉዳይ ነው፣ ጠዋት ተነፍቶ ማታ በአንድ ብርጭቆ የሚፈታ አይደለም። ወተት ጠጥቻለሁ ብሎ መስኮት የሚዘጋ ሰው ከማይጠጣው ይልቅ ይጎዳል።

በመጨረሻ የምናነሳው የሃይላንድ ጠርሙስ ነው። የተረፈ ቲነር በውኃ ጠርሙስ ገብቶ ጥግ ላይ ይቀመጣል፤ የጠማው ልጅ ደግሞ ውኃ መስሎት ይጎነጫል። ቲነር ሁልጊዜ በራሱ ቆርቆሮ፣ ተቆልፎ ይቀመጥ። ልጅ ጠጥቶ ከተገኘ ለማስታወክ አይሞክሩ፤ ሲያስታውክ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላልና። ወተትም ዘይትም አይስጡት። ደህና ቢመስልም ወዲያውኑ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይውሰዱት፤ ቆርቆሮውን ወይም ጠርሙሱንም ይዘው ይሂዱ። ማሳል ከጀመረ አደጋው ሳንባው ጋ ደርሷል ማለት ነው። እጅዎን በቲነር የመታጠብ ልማድም ቆዳን ስለሚያደርቅና በቆዳ ስለሚሰርግ፣ የምግብ ዘይት ቀብተው በሳሙና ይታጠቡ። ቀለምና ዘይት የጠጣ ጨርቅ ተጨብጦ ከተቀመጠ ራሱን ሊያቀጣጥል ስለሚችል ውጪ ዘርግተው ያድርቁት።

ከሥራው በኋላ በነበሩት ቀናት ደረትዎ ሲጨመቅ፣ ሌሊት ሳል ሲያስቸግርዎ፣ ሆድዎን በተደጋጋሚ ሲቆርጥዎ ወይም ልጅዎ ሲገረጣና ሲደክመው ካዩ ወደ ሐኪም ይሂዱ። ሲሄዱም «ጉንፋን ይዞኝ ነው» ብለው አያሳጥሩት፤ የሚቀባ መኪና በግቢዎ እንዳለ፣ ምን ቀለም እንደፋቁና ምን እንደቀቡ ይንገሩት። የእርሳስ መመረዝ የሚታወቀው በደም ምርመራ ነው፤ ሐኪሙ ካልተነገረው ግን ያንን ምርመራ ለማዘዝ ምክንያት አይኖረውም።