የመጀመሪያዋ መስመር

በሲ ፕላስ ፕላስ ፕሮግራም ለምንጽፍ ተማሪዎች እንቅልፍ የምትነሣ አንዲት ስሕተት አለች፤ በቪዡዋል ሲ ፕላስ ፕላስ ቍጥሯ ሲ1010 ነው። የሠራነው ክላስ እንከን ሳይኖርበት፣ ኮምፓይለሩ አስቀድሞ የተተረጐመውን ሄደር ሲፈልግ ፋይሉ እንዳለቀበት ይነግረናል።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ሄደር «ኢንክሉድ» ተብሎ በተጠራበት ፋይል ሁሉ እንደ አዲስ ይነበባል። ይህን ድካም ለማቅለል ኮምፓይለሩ አንድ ጊዜ ተርጕሞ ያኖረውና በየፋይሉ ያንኑ ያነሣል። ነገር ግን በዚህ አሠራር ከመጥሪያው በላይ የተጻፈውን ሁሉ እንዳልተጻፈ ይቈጥረዋል። ስለዚህ መጥሪያው ከሁሉ በፊት ይቅደም።

በውስጡም እንደ ቬክተርና ስትሪንግ ያሉትን፣ የማይለዋወጡትን ብቻ እናኑር። በየቀኑ የምናርመውን ክላስ ከጨመርንበት፣ አንዲት ፊደል በተለወጠች ቍጥር ፋይሉ ሁሉ እንደገና ይተረጐማል፤ ያተረፍነው ጊዜም ይባክናል።

እንግዲህ ክላሳችንን አፍርሰን ከመሥራታችን አስቀድሞ የመጀመሪያዋን መስመር እንመልከት።